ስልክ ወይስ ጂፒኤስ? መሀል አዲስ አበባ ላይ ሞክሮ የመምረጫ መመሪያ

መኪና የገዛ ሰው፣ ራይድ ሊሠራ ያሰበ ሰው፣ ከአሜሪካ የመጣ ዘመዱ አሮጌ ጂፒኤስ (መኪና ውስጥ የሚቀመጥ መንገድ መሪ መሣሪያ) በሻንጣ ይዞ የመጣለት ሰው፤ ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ለመኪናዬ ጂፒኤስ ልግዛ ወይስ ስልኬ ይበቃኛል?» እየደጋገምኩ በስልክ ከማስረዳ በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

አጭሩን መልስ ለሚፈልግ፦ ውሏችሁ በፒያሳ፣ በሜክሲኮ፣ በካዛንቺስና በቦሌ መካከል ከሆነ ስልክ ይበቃል። ዝም ብሎ ስልክ ማለቴ ግን አይደለም፤ ካርታው አስቀድሞ የወረደበት፣ በመያዣ የቆመ፣ በቂ ኃይል የሚያገኝ ስልክ ማለቴ ነው። ጂፒኤስ ግዙ የምላቸው ጥቂት ናቸው፤ እነማን እንደሆኑ ደረጃ 8 ላይ ታገኙታላችሁ። ብር ከማውጣታችሁ በፊት ሁለቱንም ከታች ባለው መንገድ ፈትኗቸው።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር ይታወቅ። ብዙ ሰው «ጂፒኤሱ በሳተላይት ነው የሚሠራው፣ ስልክ ግን በኔትወርክ ነው» ይላል። ልክ አይደለም። ስልካችሁም የሚሰማው እነዚያኑ ሳተላይቶች ነው። ሳተላይቶቹ ከምድር በላይ 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሆነው ምልክት ይልካሉ፤ መሣሪያው ቢያንስ የ4ቱን ተቀብሎ ያለበትን ቦታ ያሰላል። ለዚህ ሲም ካርድም ኢንተርኔትም አያስፈልግም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ካርታ ለማምጣት፣ አዳዲስ ቦታዎችን በስም ለመፈለግና የመንገድ መጨናነቅን ለማወቅ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ስታወዳድሩ አብዝታችሁ መመርመር ያለባችሁ ካርታውን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ስማርት ስልክ፣ 2 ጊጋባይት ያህል ባዶ ቦታ ያለው
- ልትገዙት ያሰባችሁት ጂፒኤስ፤ ከተቻለ ለሙከራ ከወዳጅ ተዋሱ፣ ካልተቻለ ከሻጩ ጋር አብራችሁ ሞክሩ
- የማይወዛወዝ የስልክ መያዣ
- በመኪናው ላይተር የሚሠራ ቻርጀር፣ 2.4 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ የሚሰጥ፣ ከደህና ገመድ ጋር
- ካርታ የምታወርዱበት ዋይፋይ
- ወረቀትና እስክርቢቶ
- ከጎናችሁ የሚቀመጥ ሰው (ይህ አማራጭ አይደለም፤ ምክንያቱን ደረጃ 7 ላይ እናየዋለን)

ደረጃ 1፦ የሚሸጥላችሁ ዕቃ ምን እንደሆነ ለዩ

ሱቅ ገብታችሁ «ጂፒኤስ አለ?» ብትሉ ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ሊቀርቡላችሁ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የምንነጋገርበት ነው፦ የራሱ ትንሽ ስክሪን ያለው፣ መስታወት ላይ የሚለጠፍ፣ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» የሚል መንገድ መሪ። ሁለተኛው መከታተያ ነው። ስክሪን የለውም፣ ሲም ካርድ ይገባበታል፣ መኪናው ውስጥ ተደብቆ ይታሰርና ለባለቤቱ መኪናው የት እንዳለ ይናገራል። የተሰረቀ መኪና ለመፈለግ ጥሩ ነው፤ ሾፌሩን ግን የትም አያደርስም። ሦስተኛው በቴፑ ቦታ የሚገጠም አንድሮይድ ስክሪን ነው። እሱ በተግባር ትልቅ ስልክ ስለሆነ ከዚህ በታች ስለ ስልክ የምለው ሁሉ ለእሱም ይሠራል። አንድ ነገር ብቻ ተጨማሪ አለው፤ በገመድ የሚወጣ ትንሽ የጂፒኤስ አንቴና። ገጣሚው ይህን አንቴና ከቴፑ ጀርባ ብረት ውስጥ ጠቅልሎ ከተወው ስክሪኑ ሳተላይት አያገኝም። ዳሽቦርዱ ላይ፣ ሰማይ ከሚያይበት መስታወት ሥር እንዲያስቀምጠው ንገሩት።

የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ከተማውን እየሞሉት ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ትልቅ ስክሪን ይዘው ይመጣሉ። መኪናው ለቻይና ገበያ የተሠራ ከሆነ ውስጡ ያለው መንገድ መሪ የተዘጋጀው ለቻይና መንገዶች ነው። «ጂፒኤስ አለው» ተብሎ ዋጋ ሲጨመርበት፣ ሻጩ ፊታችሁ ከቆማችሁበት እስከ ፒያሳ መንገድ አውጥቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 2፦ አድራሻ በምን መልክ እንደሚደርሳችሁ ጻፉ

ወረቀቱን አውጡና በቅርቡ የሄዳችሁባቸውን አዳዲስ ቦታዎች አስታውሱ። ቦታውን እንዴት አገኛችሁት? ሰው በቴሌግራም ሎኬሽን ላከላችሁ? ወይስ «ኡራኤል ቤተ ክርስቲያንን አልፈህ፣ ፋርማሲው ጋ ስትደርስ ደውልልኝ» ተባላችሁ? ወይስ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ተሰጣችሁ?

የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ተሰጠኝ የሚል ሰው እስካሁን አላገኘሁም። የውጭው ጂፒኤስ ግን የተሠራው በትክክል ለዚያ ነው፤ ከተማ፣ መንገድ፣ የቤት ቁጥር እያለ ይጠይቃችኋል። እኛ ደግሞ የምንግባባው በሰፈር፣ በሕንፃ፣ በአደባባይና በሎኬሽን ነው። ሎኬሽን ስልክ ላይ ይደርሳል፣ ትነኩታላችሁ፣ ካርታው ይከፈታል፣ መንገዱ ይወጣል። ጂፒኤስ ላይ ግን ቁጥሩን በእጅ መጻፍ አለባችሁ (ደረጃ 5)።

ዝርዝራችሁ ውስጥ አብዛኛው ሎኬሽን ከሆነ ውሳኔያችሁ ከወዲሁ ወደ ስልክ አዘንብሏል። ቋሚ ቦታዎች ብቻ ከሆኑ፣ ለምሳሌ ከመጋዘን ወደ ታወቁ ደንበኞች የምትመላለሱ ከሆነ፣ ጂፒኤስ ላይ አንዴ መዝግቦ መጠቀም ይቻላል።

ደረጃ 3፦ ስልኩን አዘጋጁ

ያልተዘጋጀ ስልክ ከጂፒኤስ ጋር ማወዳደር ፍርድ ማዛባት ነው።

1. ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ የአዲስ አበባን ካርታ አውርዱ። ጉግል ማፕስ ላይ የሚወርደውን ቦታ በአራት ማዕዘን ሣጥን ትመርጣላችሁ። ሣጥኑን አስፉት፤ ሱሉልታን፣ ቡራዩን፣ ሰበታንና ዱከምን ይጨምር። መንገዱ ከሣጥኑ ሲወጣ ስልኩ መምራቱን ያቆማል፤ ስለዚህ መሀል ከተማውን ብቻ ቆርጣችሁ አታውርዱ።

2. ሁለተኛ አፕ ጨምሩ። ኦርጋኒክ ማፕስ ወይም ኦስምአንድ ጥሩ ናቸው። ሁለቱም የሚጠቀሙት በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩትን የኦፕንስትሪትማፕን ካርታ ሲሆን፣ የኢትዮጵያን ካርታ ሙሉውን አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ትፈልጋላችሁ፣ ትነዳላችሁ። ሁለት ካርታ የሚያስፈልገው አንዱ ያላወቀውን የውስጥ ኮብልስቶን መንገድ ሌላው ስለሚያውቀው ነው። ሁለቱ የተለያየ መንገድ ሲያወጡ ደግሞ «እዚህ ጋ አንድ ነገር ተቀይሯል» ብላችሁ ትጠረጥራላችሁ።

3. ባትሪ ቆጣቢውን አጥፉ። ስልክ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ሎኬሽንን ያዘገያል፤ ቀስቱ ከመኪናው ኋላ ይቀርና መታጠፊያውን ካለፋችሁት በኋላ «ታጠፍ» ይላል።

4. በሴቲንግ ውስጥ ለካርታው አፕ ትክክለኛ ሎኬሽን እንዲጠቀም ፍቀዱለት። «ግምታዊ» የሚለው ላይ ከተቀመጠ ሰፈራችሁን ያውቃል እንጂ መንገዳችሁን አያውቅም።

5. ዳታ አጥፍታችሁ፣ ቤት ሆናችሁ፣ አንድ መንገድ አውጡ። ከወጣ ዝግጁ ናችሁ። ካልወጣ ካርታው አልወረደም ማለት ነው፤ ይህን ማወቅ ያለባችሁ ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ ነው፣ ሜክሲኮ አደባባይ መሀል አይደለም።

ያለ ኢንተርኔት ስትነዱ የመጨናነቅ መረጃ አይኖርም። ያ መረጃ የሚሰበሰበው ከሌሎች ሾፌሮች ስልክ እንቅስቃሴ ነውና በኢንተርኔት ካልሆነ አይደርስም። በዚህ በኩል ተራ ጂፒኤስም ዳታ ከሌለው ስልክ የተሻለ አይደለም።

ደረጃ 4፦ የጂፒኤሱን ካርታ ከመግዛታችሁ በፊት መርምሩ

ከሁሉም ደረጃዎች ይህችን አትዝለሉ። የሳጥኑ ማማር፣ የስክሪኑ ስፋት፣ የስሙ ታዋቂነት ከዚህ በኋላ የሚታይ ነው።

1. መሣሪያውን አስከፍቱና ካርታውን በእጃችሁ ወደ አዲስ አበባ አንቀሳቅሱት። ለአሜሪካ ወይም ለአውሮፓ ገበያ የተሸጠ ጂፒኤስ የያዘው የዚያን አካባቢ ዝርዝር ካርታ ነው፤ እዚህ ላይ ባዶ ሜዳ ወይም ሁለት ሦስት ዋና መስመሮች ብቻ ያሳያችኋል። ከውጭ በስጦታ የመጡት አብዛኞቹ እዚህ ላይ ይወድቃሉ። «የዕድሜ ልክ ማደሻ አለው» መባሉም አያድናችሁም፤ ማደሻው የሚያድሰው አብሮ የተሸጠውን አካባቢ ካርታ ብቻ ነው።

2. ካርታው ካለ ዕድሜውን ጠይቁ። በሴቲንግ ውስጥ ስለ ካርታው የሚናገር ገጽ አለ፤ የተዘጋጀበት ዓመት ተጽፏል። ከዚያ ፒያሳን አጉልታችሁ እዩ። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም የተመረቀው የካቲት 2016 ዓ.ም. ነው። ካርታው እሱን ካላወቀ፣ ከዚያ ወዲህ በኮሪደር ልማት የተቀየሩትን የፒያሳ፣ የአራት ኪሎና የካዛንቺስ መንገዶችም አያውቅም። የፈረሰ ሰፈር ውስጥ ያስገባችኋል፣ ወይም ዛሬ በሌለ መታጠፊያ ታጠፉ ይላችኋል።

3. በስም ፈልጉ። «ካዛንቺስ» በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ በኬ፣ ሌላው በሲ ይጀምረዋል፤ «ፒያሳ»ም በኤስና በዜድ ይጻፋል። መሣሪያው የአማርኛ ኪቦርድ ከሌለው በእነዚህ ሁሉ እየተንገላታችሁ ነው የምትፈልጉት። ስልክ ላይ በአማርኛ ጽፋችሁ ከምታገኙት ጋር አነጻጽሩ።

4. ያገለገለ ከሆነ ቀኑን እዩ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሳምንት የሚቆጥሩት እስከ 1,024 ሲሆን ከዚያ ከዜሮ ይጀምራሉ። የመጨረሻው ዙር የሞላው መጋቢት 2011 ዓ.ም. ነበር። ሶፍትዌራቸው ያልታደሰ አንዳንድ አሮጌ መሣሪያዎች ከዚያ ወዲህ ቀኑን ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ያሳያሉ። ውጭ አውጥታችሁ ሳተላይት እስኪይዝ ጠብቁና ቀኑን አንብቡ፤ ከተሳሳተ አትግዙት።

ጂፒኤሱ ጋርሚን የተባለው ኩባንያ ሥራ ከሆነና ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል ከሆነ መላ አለ። ከኦፕንስትሪትማፕ ለጋርሚን የተዘጋጀ የኢትዮጵያ ካርታ በነፃ ይገኛል። ፋይሉን በካርዱ ላይ «ጋርሚን» በሚል በላቲን ፊደል የተሰየመ ፎልደር ውስጥ ታስገባላችሁ፣ ከዚያ በመሣሪያው ሴቲንግ ውስጥ የድሮውን ካርታ ምልክት አንስታችሁ አዲሱን ትመርጣላችሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ከተዋችኋቸው ባዶው የድሮ ካርታ አዲሱን ሊሸፍነው ይችላል። በየጊዜው በኮምፒዩተር ይህን እየደጋገማችሁ ማደስ የእናንተ ሥራ ነው፤ ያንን የማታደርጉ ከሆነ አትጀምሩት።

ደረጃ 5፦ ሎኬሽን ወደ ጂፒኤስ ማስገባትን ተለማመዱ

በቴሌግራም የተላከውን ሎኬሽን በስልክ ካርታ ክፈቱት፤ ፒኑን (ቦታውን የሚያሳየውን ምልክት) ስትነኩ ሁለት ቁጥሮች ታገኛላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያው ቁጥር በ9 ወይም በ8.9 አካባቢ ይጀምራል፣ ሁለተኛው በ38.7 ወይም በ38.8። መስቀል አደባባይ ለምሳሌ በግምት 9.01 እና 38.76 ላይ ነው።

ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ቅደም ተከተሉን ማገላበጥ ነው። 38.76ን አስቀድማችሁ 9.01ን ብታስከትሉ መሣሪያው ሳያቅማማ ከጣሊያኗ የሰርዲኒያ ደሴት በስተ ደቡብ፣ ባሕር ላይ ያስቀምጣችኋል። ይህኛው ደግነቱ ወዲያው ይታወቃል።

ሁለተኛው ተንኮለኛ ነው፤ ስለማይታወቅ። ስልክ ቁጥሩን የሚሰጠው በዲግሪና በነጥብ ነው። ብዙ ጂፒኤሶች ግን ከፋብሪካ ሲወጡ ዲግሪና ደቂቃ (የዲግሪ 60ኛ ክፍል) እንዲጠብቁ ሆነው ነው። 9.02ን «9 ዲግሪ ከ2 ደቂቃ» አድርጋችሁ ብታስገቡ መሣሪያው 9.033 ብሎ ይረዳዋል፤ ይህ ወደ ሰሜን አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ስህተት ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ እንዲህ ከተሳሳተ ከተማው ውስጥ ስለሚያደርሳችሁ ትክክል የመጣችሁ ይመስላችኋል፣ የምትፈልጉት ሕንፃ ግን የለም። ስለዚህ ቁጥር ከማስገባታችሁ በፊት በሴቲንግ ውስጥ የቁጥሩን አጻጻፍ ወደ ዲግሪና ነጥብ ቀይሩት።

ሎኬሽኑ ራሱም ይመርመር። ላኪው «አሁን ያለሁበት» ብሎ ከላከ የደረሳችሁ እሱ የቆመበት ቦታ ነው፤ ቢሮ ሆኖ የሠርግ አዳራሹን ሎኬሽን የላከ ወንድም ስንቱን ሰው ቢሮው ደጅ እንዳስቆመ አትጠይቁኝ። ፎቅ ውስጥ ሆኖ ከላከውም ፒኑ ወደ ጎረቤት መንገድ ሊሸሽ ይችላል። «ወንድሜ፣ የላክልኝ አሁን ያለህበትን ነው ወይስ ቦታውን?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄዋ ትንሽ ናት፣ ነዳጅ ግን ታድናለች።

ደረጃ 6፦ መያዣና ኃይል

ማያ ገጹ እየበራ መንገድ የሚመራ ስልክ ብዙ ኃይል ይበላል። የአሮጌ መኪና ዩኤስቢ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው 0.5 አምፔር ነው፤ ያ ለፍላሽ ሙዚቃ የታሰበ ነው። ስልኩ ተሰክቶም እየቀነሰ ይሄዳል። ላይተሩ ላይ የሚሰካ 2.4 አምፔር ቻርጀር ግዙ። መኪናችሁ አይሱዙ ወይም ሌላ 24 ቮልት የጭነት መኪና ከሆነ ቻርጀሩ «12-24» የሚል ጽሑፍ እንዳለው አረጋግጡ፤ ያለበለዚያ ሊቃጠል ይችላል።

መያዣውን የአየር ማስወጫው ላይ ማድረግ ስልኩን ያቀዘቅዛል፤ ማሞቂያ ስትከፍቱ ግን ተቃራኒው ነው። መስታወት ላይ ከለጠፋችሁት ከታች በኩል፣ መንገዱን ከማይጋርድበት ቦታ። ኤርባግ በሚወጣበት ክዳን ላይ አትለጥፉ። በማግኔት የሚይዘው ዓይነት የስልኩን ኮምፓስ ያደናግራል፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ ችግር የለውም፣ ቆማችሁ ሳላችሁ ግን ቀስቱ ወደ ኋላ ሊያመለክት ይችላል።

ደረጃ 7፦ የሙከራ ዙር

ዙሩ ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ በለገሃር፣ በቸርችል፣ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በካዛንቺስ ዞሮ ይመለሳል፤ አሥር ኪሎ ሜትር አይሞላም። መንገዱ ቀለል የሚለው እሑድ ማለዳ ነው፤ አደባባዩ ላይ ሩጫ ወይም ሌላ ዝግጅት ካለ ግን ስለሚዘጋ አስቀድማችሁ አጣሩ። ሁለቱን መሣሪያዎች አንድ ላይ አብሩ። ሾፌሩ ይንዳ፣ ከጎን ያለው ሰው ይጻፍ። ሾፌር ሁለት ስክሪን እያየ ካወዳደረ ውጤቱም ይበላሻል፣ አደጋም ይመጣል።

መስቀል አደባባይ። ሰማዩ ክፍት ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ቦታውን ለማወቅ ምን ያህል እንደፈጀበት ጻፉ። ዳታ ያለው ስልክ ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ በኔትወርክ ስለሚነገረው ቶሎ ይይዛል። ለሳምንታት ጠፍቶ የቆየ ጂፒኤስ ግን ይህን መረጃ ከራሱ ከሳተላይቱ ማውረድ ስላለበት ደቂቃዎች ሊወስድበት ይችላል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ በሁለተኛው ማብራት ላይም እንዲያ ከቆየ ግን ጉድለት ነው።

ከስታዲየም እስከ ለገሃር። የቀላል ባቡሩ ድልድይ ከላያችሁ ወይም ከጎናችሁ ነው። ኮንክሪቱ ሳተላይቶቹን ይጋርዳል። ቀስቱ ከመንገዱ ማዶ ይዘላል? ከዘለለ በኋላ በስንት ጊዜ ይመለሳል? መዝለሉ አያሳስብም፤ ዘሎ «መንገድ ስተሃል» ብሎ አዲስ መንገድ ማውጣቱ ነው የሚያሳስበው።

ቸርችል ጎዳና። ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ የባንኮቹ ረጃጅም ፎቆች አሉ፤ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃም እዚያው ነው። ምልክቱ መስታወቱ ላይ ነጥሮ ሲመጣ ረዥም መንገድ ስለተጓዘ መሣሪያው ርቀቱን ይሳሳታል። ስልክና ጂፒኤስ እዚህ ላይ ብዙ ላይለያዩ ይችላሉ። ካልተለያዩ «ጂፒኤስ የተሻለ ይቀበላል» የሚለው ክርክር ለእናንተ አበቃ።

ፒያሳ። ሆን ብላችሁ የታዘዛችሁትን አንድ መታጠፊያ እለፉ። ጥሩ መሣሪያ በጥቂት ሰከንድ አዲስ መንገድ ያወጣል። መጥፎው ወደ ኋላ ተመለስ እያለ ይጨቀጭቃል። አዲሱ መንገድ የሚወስዳችሁ ዛሬ ባለው መንገድ መሆኑንም ተመልከቱ።

ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ። ድምፁን አዳምጡ። የመንገዱን ስም በውጭ አፍ ሲያነበው መሳቅ ይፈቀዳል፤ የሚመዘነው ግን ለመታጠፍ ስንት ሜትር ሲቀረው እንደተናገረ ነው። ፍሬቻ አሳይታችሁ ረድፍ ለመቀየር ጊዜ ካልሰጣችሁ ዋጋ የለውም።

ካዛንቺስ። ከሂልተን በታች ወደ ውስጥ ታጠፉና አንድ የምታውቁትን ቦታ መድረሻ አድርጉ። ከተማው እዚህ ላይ ብዙ ስለተለወጠ ከሁሉም ከባዱ ፈተና ይህ ነው። ከዚያ በኢሲኤና በእስጢፋኖስ አድርጋችሁ ወደ መስቀል አደባባይ ተመለሱ።

ዙሩን አንድ ጊዜ በዳታ፣ አንድ ጊዜ ያለ ዳታ ሂዱ። ያለ ዳታ የሄደው ስልክ ከጂፒኤሱ ጋር እኩል ከሆነ፣ ጂፒኤሱ የሚሰጣችሁ ተጨማሪ ነገር ለብቻው መቀመጡ ብቻ ነው።

ደረጃ 8፦ ወስኑ

ጂፒኤስ ግዙ፦ መኪናው የድርጅት ሆኖ የተለያዩ ሾፌሮች ከተፈራረቁበት፤ ወይም አዘውትራችሁ ክፍለ ሀገር የምትወጡና ስልካችሁ ለሥራ ጥሪ ነፃ መሆን ካለበት። ሁለቱም ቢሆን ካርታው ደረጃ 4ን ካለፈ ብቻ።

በስልክ ቀጥሉ፦ ሌሎቻችሁ በሙሉ። ራይድ ወይም ፈረስ የምትሠሩ ከሆነ ጥያቄውም የለም፤ አፑ ስልኩ ላይ ነው፣ የደንበኛው ቦታም የሚመጣው እዚያው ላይ ነው።

እኔ የምወደው ሦስተኛ መንገድ አለ። መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ስልክ ካላችሁ እሱን የመኪናው ጂፒኤስ አድርጉት። ሲም አያስፈልገውም። ቤት ዋይፋይ ላይ ካርታዎቹን አውርዱ፣ የማያስፈልጉ አፖችን አጥፉ፣ ሎኬሽን ሲላክላችሁ ከዋናው ስልክ ሆትስፖት አካፍሉት። ስልክ ሲደወል ካርታው አይሸፈንም፣ የዋናው ስልክ ባትሪም አያልቅም። ባትሪው ያበጠ ስልክ ግን መኪና ውስጥ አታስቀምጡ።

ማስጠንቀቂያ

- መድረሻውን ሞተር ከመነሳቱ በፊት አስገቡ። እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ ያስቀጣል፤ መሣሪያው ጂፒኤስ መሆኑም ዓይናችሁን ከመንገድ አንስታችሁ ስትጽፉ ከአደጋ አያድናችሁም።
- መብራት ላይ ወይም መጨናነቅ ውስጥ ስትቆሙ በስልኩ በኩል ያለው መስኮት ይዘጋ። ስልክ ነጥቆ መሮጥ አዲስ ነገር አይደለም። መኪናውን ስታቆሙም ስልኩን ወይም ጂፒኤሱን ብቻ ሳይሆን መያዣውንም ደብቁ፤ መያዣው ካለ ዕቃው ውስጥ አለ ብሎ መስታወት የሚሰብር አይጠፋም።
- ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ስልክም ጂፒኤስም አትተዉ። ባትሪው ይጎዳል፤ ስልኩም ሲግል ቻርጅ መቀበል ያቆማል።
- መስከረም 16 የደመራ ዕለት፣ ጥር ላይ ጥምቀት ሲከበር፣ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲኖር፣ ታላቁ ሩጫ ሲካሄድ መሀል ከተማው ይዘጋል። መዘጋቱን መሣሪያው ያውቃል ብላችሁ አትመኑ። የፖሊስን ማስታወቂያ ከዋዜማው ስሙ፤ መንገድ ላይ የቆመው ትራፊክ ፖሊስ እጁን ካነሳ ደግሞ የስክሪኑ ቀስት ዋጋ የለውም።
- ቀስቱ ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ሲመራችሁ በዝናብ ወቅት ተጠንቀቁ። ካርታው ላይ ኮብልስቶንም ፒስታም አስፋልትም አንድ ዓይነት መስመር ሊመስል ይችላል።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

የፒኑን ጎን አለማየት። በኡራኤል በኩል ወደ መገናኛ በሚወስደው መስመር የባቡሩ ሐዲድ መንገዱን ለሁለት ከፍሎታል። ፒኑ ማዶ ከሆነ መዞሪያ ፍለጋ ብዙ ትሄዳላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ካርታውን አጉልታችሁ መድረሻው ከሐዲዱ በየትኛው ወገን እንዳለ እዩ፤ የቀለበት መንገድ ዳር ያሉ ቦታዎችም እንዲሁ ናቸው።

ካርታ አንዴ አውርዶ መርሳት። የወረደ ካርታ ጊዜው ያልፍበታል፤ ከተማውም እየተቀየረ ነው። ወር በገባ ቁጥር ዋይፋይ ላይ አድሱት።

ቆሞ ሳለ ቀስቱን ማመን። መሣሪያው አቅጣጫችሁን በደንብ የሚያውቀው ስትንቀሳቀሱ ነው። ከማቆሚያ ስትወጡ ጥቂት ሜትር እስክትሄዱ ድረስ «ወደ ግራ» ቢላችሁ አትቸኩሉ።

የመድረሻ ሰዓቱን ማምታታት። መሣሪያው «8:40 ትደርሳላችሁ» ሲል በእኛ አቆጣጠር 2:40 ማለቱ ነው። በተለይ ከውጭ የመጣ ጂፒኤስ የሰዓት ቀጠናው የመጣበት አገር ላይ እንደተቀመጠ ሊሆን ይችላል፤ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ናይሮቢ ቀይሩት፣ ሁለቱ ሰዓታቸው አንድ ነው።